ከመሸፈኑ በፊት ድረሺ

የምክር ዓምድ፦ ማዘጋጃ ቤት ለተቀጠረች ጀማሪ መሐንዲስ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ በቅርቡ በአንድ መካከለኛ ከተማ አስተዳደር የመሠረተ ልማት ክፍል ተቀጥሬያለሁ። እንድከታተል የተሰጠኝ 150 ሜትር የኮብልስቶን መንገድ ከነዲቹ (ከጎኑ ካለው የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ጋር) እና አንድ የቱቦ መሻገሪያ ነው። ከእኔ በፊት ይከታተል የነበረው ባለሙያ ተዛውሯል። ተቋራጩ ሁለተኛ ክፍያ ጠይቆ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ የቢሮ ሰዎች ‹ሁሌም እንዲህ ነው፣ ፈርሚ› ይሉኛል። ሳይት ላይ ያለው ፎርማን አባቴን ያህላል፤ ምን ብዬ አዝዘዋለሁ? ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በአብዛኛው ዲዛይን ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ሌላ ሆኖብኛል። አብረውኝ የተመረቁት የግል ድርጅት ገብተው ከእኔ የተሻለ ይከፈላቸዋል። ከምን ልጀምር? እዚህስ መቆየት ያዋጣኛል?»

እህታችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። የጠየቅሽው ብዙ ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። በከተማ መሠረተ ልማት ሥራ አብዛኛው ገንዘብ የሚወጣው ሥራው ሲያልቅ በማይታይ ነገር ላይ ነው፦ ከኮብሉ ሥር ያለው ገረጋንቲ (ለመሠረት የሚነጠፍ የተመረጠ አፈርና ጠጠር)፣ ከዲቹ ግንብ ሥር ያለው መሠረት፣ ቱቦው የተኛበት ንጣፍ፣ ኮንክሪት ውስጥ የገባው ፌሮ። አንዴ ከተሸፈነ ስለ እሱ የሚመሰክረው በዕለቱ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመትሽ ትልቁ ሙያ ሥራው ከመሸፈኑ በፊት ሜትርና ማስታወሻ ይዞ ቦታው ላይ መገኘት ነው። ዲዛይኑ አይጠፋብሽም፤ እንዲያውም በደንብ የሚገባሽ ከዚህ በኋላ ነው።

ከሚያስጨንቅሽ ክፍያ እንጀምር። ዛሬ አትፈርሚ፤ «አልፈርምም» ብለሽም አትመልሺው። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን ፋይል አውጪ። ውሉ ከአጠቃላይና ከልዩ ሁኔታዎቹ ጋር፣ ዋጋ የተሞላበት ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር)፣ ስዕሉ፣ ስፔሲፊኬሽኑ፣ የሳይት ርክክብ ቃለ ጉባኤው፣ የመጀመሪያው ክፍያ ከነቴክ ኦፍ ሽቱ (ልኬቱ ከሚመዘገብበት ቅጽ ጋር) መኖራቸውን እይ። የጎደለውን በአጭር ማስታወሻ ዘርዝረሽ ለኃላፊሽ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ። ይህ የቀድሞውን ባለሙያ መክሰስ አይደለም። አንቺ ስትረከቢ ምን እንደነበረና ምን እንዳልነበረ ካልተጻፈ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ሁሉም በአንቺ እጅ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ሂሳቡ። ክፍያ የሚሠራው እስከ ዛሬ ከተሠራው ጠቅላላ ሥራ ላይ ቀድሞ የጸደቀውን በመቀነስ ነው። ለምሳሌ እስከ ዛሬ የተሠራው 4,000,000 ብር፣ ቀድሞ የጸደቀው 2,600,000 ብር ቢሆን የዚህ ጊዜ ሥራ 1,400,000 ብር ነው። ውሉ 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሰጥቶ በዚያው ልክ ይመለስ የሚል ከሆነ 280,000 ብር ይቀነሳል፤ 5 በመቶ መያዣ ካለ ሌላ 70,000 ብር፤ ታክሱ ሳይታሰብ 1,050,000 ብር ይቀራል። ስህተት በብዛት የሚገባው አራት ቦታ ነው። «ቀድሞ የተከፈለ» በሚለው ላይ ከጸደቀው ያነሰ ቁጥር ይሞላል። ዲቹና ቱቦው በሚገናኙበት ቦታ አንዱ ቁፋሮ በሁለቱም ሥራዎች ይቆጠራል። ተቋራጩ ለራሱ ምቾት አስፍቶ የቆፈረው ይለካል፤ የሚከፈለው ግን ውሉ ሌላ ካላለ በስዕሉ መስመር ልክ ነው። አንዳንድ ሥራ ደግሞ ያለ ለውጥ ትዕዛዝ ከውሉ መጠን አልፎ ይገኛል። እያንዳንዱን መስመር ከቢል ኦፍ ኳንቲቲው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገሽ በኤክሴል ሥሪው። የመጀመሪያው ቀንሽን ቢወስድብሽ አይግረምሽ፤ ሦስተኛው ላይ ይቀላል።

ከዚያ ተቋራጩን በደብዳቤ ለጋራ ልኬት ጥሪው። ሁለታችሁም ሜትሩን ይዛችሁ ለኩ፤ ቴክ ኦፍ ሽቱ ላይ እዚያው ሳይት ላይ፣ በዚያው ዕለት ሁለታችሁም ፈርሙ። ቢሮ ተገብቶ የሚጻፍ ልኬት ትዝታ ነው፣ ልኬት አይደለም።

አስቸጋሪው የተሸፈነው ነው። ኮብል ከተነጠፈ በኋላ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ አለ ተብለሽ ክፍያ ከተጠየቅሽ ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ መክፈት ነው። በየ50 ሜትሩ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በመሐል፣ አንድ ጊዜ በቀኝ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር አስነስተሽ እስከ ተፈጥሮው አፈር አስቆፍሪና ውፍረቱን በሜትር ለኪ፤ ሜትሩ ጉድጓዱ ውስጥ እያለ ፎቶ አንሺ። ውሉ የተሸፈነ ሥራ ይከፈት የሚልበትን አንቀጽ ፈልገሽ በደብዳቤው ጥቀሺው፤ ወጪውን ማን እንደሚችል እዚያው ተጽፏል። ሁለተኛው መንገድ የገባውን ቢያጆ (የመኪና ምልልስ) መቁጠር ነው። መንገዱ 6 ሜትር ስፋት ካለው 6 በ150 በ0.20፣ 180 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይፈልጋል። መኪና ላይ ያለው ልቅ ስለሆነ በ1.3 ገደማ አባዢው፤ 234 ሜትር ኩብ ይሆናል። በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ 15 ቢያጆ አካባቢ ነው። የጥበቃው መዝገብ 9 ቢያጆ ብቻ የሚያሳይ ከሆነ 144 ሜትር ኩብ ልቅ፣ ሲጠቀጠቅ 111 ገደማ፣ በ900 ካሬ ላይ ሲዘረጋ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በቢያጆ ብቻ ክፍያ አትቁረጪ፤ የት እንደምትከፍቺ ግን ይነግርሻል።

ከዚህ በኋላ ለሚሠራው ግን እንዲህ ያለ ምርመራ ውስጥ መግባት የለብሽም። ከሽፋን በፊት የማቆሚያ ነጥቦችን በደብዳቤ አሳውቂ፦ ቁፋሮው አልቆ ገረጋንቲ ከመግባቱ በፊት፣ ገረጋንቲው ተጠቅጥቆ አሸዋ ከመዘርጋቱ በፊት፣ የቱቦው ንጣፍ አልቆ ቱቦ ከመውረዱ በፊት፣ ፌሮ ታስሮ ካሳፎርማ (የኮንክሪቱ ቅርጽ መያዣ) ከመዘጋቱ በፊት። ተቋራጩ አንድ ቀን አስቀድሞ የፍተሻ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገባ፤ አንቺም በተባለው ሰዓት ድረሺ። በሰዓቱ ካልደረስሽ እሱ ኮንክሪቱን ቢያፈስስ ጥፋቱ ግማሹ የአንቺ ነው። ጭቅጭቅ የሚበዛው ሳይቱን በሚያስጠብቅ ተቆጣጣሪና ሳይጠብቅ በሚሸፍን ተቋራጭ መካከል ነው።

የመጠቅጠቅ ምርመራውን በራስሽ እጅ እስክትሠሪው ድረስ ውጤቱ ላይ አትተማመኚ። በሳንድ ኮን (ጉድጓድ ቆፍሮ በአሸዋ በመሙላት ጥግግት በሚለካበት ምርመራ) ከጉድጓዱ የወጣው አፈር 3,950 ግራም፣ ጉድጓዱን የሞላው አሸዋ 2,900 ግራም፣ የአሸዋው ጥግግት በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.40 ግራም ቢሆን የጉድጓዱ ይዘት 2,071 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ እርጥብ ጥግግቱ 1.907 ይሆናል። እርጥበቱ 11 በመቶ ነው ካልሽ ደረቁ 1.718 ይመጣል፤ ላብራቶሪው ከፍተኛው ደረቅ ጥግግት 1.75 ነው ካለ 98 በመቶ ገብቷል፤ 95 ለሚጠይቅ ስፔሲፊኬሽን አለፈ። አፈሩ የእውነት የያዘው እርጥበት 16 በመቶ ከሆነ ግን ደረቁ 1.644፣ ውጤቱ 94 በመቶ ሆኖ ይወድቃል። ያው ጉድጓድ፣ ያው ሚዛን፤ የተለወጠው እርጥበቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የትናንቱን እርጥበት ነው የተጠቀምነው» የሚል ቴክኒሻን ካጋጠመሽ ውጤቱን አትቀበዪ። ናሙናው ከዚያው ጉድጓድ ይውጣ፣ ወዲያው በላስቲክ ይታሰር፣ በዚያው ቀን ይመዘን። ከፍተኛው ደረቅ ጥግግትም አሁን ከሚገባው ገረጋንቲ የተሠራ መሆኑን ጠይቂ፤ የሚወጣበት ቦታ ሲቀየር ፕሮክተሩም (ከፍተኛውን ደረቅ ጥግግት የሚሰጠው የላብራቶሪ ምርመራ) አብሮ መቀየር አለበት። መጠቅጠቂያው በእጅ የሚገፋ ኮምፓክተር ከሆነ ደግሞ ንጣፉ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይብቃው። 20ውን ባንዴ ካነጠፉት ላዩ ድንጋይ ይመስላል፣ ታቹ ልቅ ይቀራል፤ ምርመራውም ከላይ ብቻ ከተወሰደ ያልፋል።

መደብሽ ጥቁር አፈር ከሆነ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተነጠፈውን ኮብል እንደ ማዕበል ያደርገዋል። ቀላል መለያ አለሽ፦ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈ ደረቅ አፈር 10 ሚሊ ሊትር ለክተሽ ውሃ ባለበት የ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ብለሽ ጨምሪና 24 ሰዓት ተዪው። 18 ላይ ከደረሰ 80 በመቶ አብጧል ማለት ነው። ከ50 በላይ ከሆነ ስዕሉ ላይ ቆርጦ መተካት ይኑር አይኑር ተመልክተሽ፣ ከሌለ ቁፋሮው ሳይቀጥል ለኃላፊሽ በጽሑፍ አቅርቢ። ይህን በኋላ ማስተካከል አይቻልም፤ ኮብሉን ሁሉ ማንሳት ነው።

ሌቭል ማሽኑን (የከፍታ ልዩነት መለኪያውን) ውደጂው። ርቀትና ማዕዘን የሚለካው ቶታል ስቴሽን ያምራል፣ ውሃ የሚሄደው ግን በሌቭል ነው። ማሽኑን ከመጠቀምሽ በፊት ፈትሺው፦ 60 ሜትር ተራርቀው ሁለት ችካሎች አስተክዪ፣ መሐል ላይ ቆመሽ የሁለቱን ልዩነት አንብቢ፣ ከዚያ ማሽኑን አንዱ ችካል አጠገብ ወስደሽ ደግመሽ አንብቢ። ልዩነቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለወጠ ማሽኑ መስተካከል አለበት። ዲች በ0.5 በመቶ ሲወርድ በ80 ሜትር ውስጥ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የተበላሸ ማሽን ይህን ትንሽ ቁልቁለት በቀላሉ ይበላዋል። የወለሉን ከፍታ ቢበዛ በየ10 ሜትሩ ውሰጂ። የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ዝቅ ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ መሐል ላይ አንድ ጎድጓዳ ካለ ውሃው እዚያ ይተኛል፣ ደለል ይሞላል፣ በዓመቱ ሰፈሩ ቆሻሻ ይጥልበታል።

የዲችና የኮብል ሥራ ሲሳሳት የምታገኚው ችግር ሁሌም ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው የዲቹ ግንብ አናት ከመንገዱ ጠርዝ ከፍ ብሎ መሠራቱ ነው። ውሃው ዲች ውስጥ መግባት ያቅተውና በግንቡ ጀርባ እየሄደ ከኮብሉ ሥር ያለውን አሸዋ ይወስዳል፤ በሁለተኛው ክረምት ጠርዙ ይዘቅጣል። ግንቡ ከመጠናቀቁ በፊት ከመንገዱ አጋማሽ እስከ ዲቹ አናት ሌንዛ (የመስመር ክር) አስወጥሪ፤ 6 ሜትር መንገድ በሁለቱም ጎን 3 በመቶ ከወረደ ከመሐል እስከ ጠርዝ 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ሁለተኛው የገረጋንቲን ጉድጓድ በአሸዋ ማስተካከል ነው። ንጣፉ 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆን ሲገባው አንዳንድ ቦታ 12 ይሆናል፤ የመጀመሪያው ሲኖ ሲያልፍበት ይሰምጣል። ዘንግ አስወርደሽ ለኪ። ሦስተኛው ግንቡ ላይ ነው፦ ድንጋዩ ሳይርስ ይገነባል፣ በድንጋዮቹ መሐል ማልታ ሳይገባ ደረቅ ጠጠር ይጠቀጠቅበታል። አንድ ሜትር ያህሉን ሳይደርቅ በዲጂኖ አስነቅለሽ አይተሽ ካረጋገጥሽ፣ የቀረውን በጥንቃቄ ይሠሩልሻል። ግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳ እንዳለውም እይ፤ ከጀርባው የታፈነ ውሃ ነው የሚጥለው።

ለቱቦው መሻገሪያ ሥራው ከታችኛው ጫፍ ይጀመር፣ ሰፊው አፍ ወደ ላይኛው ጎን ይዙር። ቱቦው ከሥሩ በሙሉ ርዝመቱ መደገፍ አለበት፤ በድንጋይ ተደግፎ አየር ላይ የቀረ ቱቦ ጭነት ሲያርፍበት በዚያው ነጥብ ይሰነጠቃል። ሙሌቱ በሁለቱም ጎን እኩል፣ በ15 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይውጣ። ከቱቦው ወገብ በታች ያለው ጥግ ሮለር ስለማይደርስበት በእጅ መጠቅጠቂያ መሠራት አለበት፤ ብዙ መሻገሪያ ላይ መንገዱ ቱቦው ባለበት ልክ የሚሰረጉደው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ሙሌት ስዕሉ የሚያዘው ውፍረት ላይ ሳይደርስ ከባድ ሮለር አይለፍበት። መውጫው ላይ ደግሞ ውሃው የሚወድቅበት ቦታ በድንጋይ ካልተነጠፈ ጎርፉ ከታች እየበላ መጥቶ ግንቡን ይጥለዋል።

ኮንክሪት ስታስፈስሺ ሁለት ነገር ቁጠሪ፤ አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበትን ሳጥንና የሲሚንቶ ከረጢት። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፣ ይህም ለአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ቅርብ ነው። ሳጥኑ 20 ቁመት ኖሮት ደግሞ ከአፉ በላይ እየተከመረ ከተሞላ ድብልቁ ሌላ ሆኗል። የሲሚንቶውን መጠን በከረጢት አረጋግጪው፦ ስፔሲፊኬሽኑ ለሲ-25 (25 ሜጋ ፓስካል ለሚሸከም ኮንክሪት) በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ካለ፣ 6 ሜትር ኩብ 2,160 ኪሎ፣ ማለትም 43 ከረጢት ይፈጃል። ማታ ላይ ባዶ ከረጢቱን ቁጠሪ። 30 ከሆነ በሜትር ኩብ 250 ኪሎ ብቻ ነው የገባው። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ በውሃ መትተሽ ለሦስት ሰዓት አስቀምጪው፤ ከላይ የተኛው ጭቃ ከአሸዋው ቁመት ከ6 በመቶ ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ኩቡን (ለጥንካሬ ምርመራ የሚወሰደውን የኮንክሪት ናሙና) አንቺ ሙዪ፣ ቀንና ቦታ ጻፊበት፣ ውሃ ውስጥ አስገቢው፣ ላብራቶሪም ራስሽ አድርሺው። 15 ሳንቲ ሜትር ኩብ 25 ሜጋ ፓስካል እንዲሰጥ ማሽኑ ላይ 562.5 ኪሎ ኒውተን መሸከም አለበት፤ ይህን ቁጥር ከያዝሽ ሪፖርት ሳይጻፍ እዚያው ማንበብ ትችያለሽ። ፌሮንም እንዲሁ፦ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተሽ ለ162 ስታካፍዪው የአንድ ሜትር ክብደት ይሰጥሻል። 12ቱ 0.888 ኪሎ ነው። አንድ ሜትር አስቆርጠሽ ስታመዝኚ በግልጽ ከቀለለ 12 ተብሎ የገባው 12 አይደለም።

አሁን ወደ ፎርማኑ። እሱን የምታዝዢው አንቺ አይደለሽም፣ መሆንም የለበትም። የአንቺ ትዕዛዝ የሚሄደው ለተቋራጩ ሳይት መሐንዲስ፣ በሳይት ቡክ (የሳይቱ ዕለታዊ መዝገብ)፣ በጽሑፍ ነው። ይህን ከያዝሽ ዕድሜም ፆታም የሥራው ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ፎርማኑን «ጋሼ» ብለሽ ሰላም በዪው፣ ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ጠይቂው፤ ሃያ ዓመት ግንብ ያስገነባ ሰው የትኛው ድንጋይ እንደሚሰነጠቅና የትኛው ግንበኛ ማልታ እንደሚቆጥብ ከአንቺ በፊት ያውቃል። ሲያስረዳሽ ጻፊ። ልኬቱ ላይ ግን አትደራደሪ። «ተዪው፣ ምንም አይሆንም» ሲልሽ አትከራከሪ፤ ሜትሩን አብራችሁ ዘርጉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እዚያው ጻፊ። ሠራተኛ ፊት አታሳፍሪው።

የሳይት ቡክ ጽሑፍ እንዲህ ይሁን (0+060 ማለት ከመንገዱ መነሻ 60ኛው ሜትር ነው)፦ «ህዳር 18፣ ጠዋት 3፡20። ከ0+060 እስከ 0+090፣ ግራ፣ የዲች መሠረት ቁፋሮ። ስፋት 1.20፤ ጥልቀት 0.95፣ 0.98፣ 0.93። ወለሉ ከ0+075 በኋላ እርጥብ ጥቁር አፈር። እስኪወሰን ግንብ እንዳይጀመር ለሳይት መሐንዲሱ ተነግሯል። ፎቶ 4።» ስሜት የለበትም፣ ማንንም አይወቅስም፣ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ያነበበው ሰው ቦታውን ያየዋል። ገጹ ቁጥር ያለው፣ ቅጂ የሚያስቀር ይሁን፤ ተቋራጩም ይፈርምበት።

አንድ ነገር ላይ ጽሑፍ አትጠብቂ። ቁፋሮው ከ1.5 ሜትር ካለፈና ግድግዳው ቀጥ ብሎ ያለ ድጋፍ ከቆመ ሰዎቹን ወዲያው አስወጪ። ግድግዳው ይተኛ ወይም በባህር ዛፍና በሳንቃ ይደገፍ፤ የወጣው አፈር ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ መውጫ መሰላል ይኑር። የተናደ አፈር ከደረት በላይ የሸፈነውን ሰው ጓደኞቹ በአካፋ አውጥተው አይደርሱለትም። የቀን ሠራተኛው «ለምጄዋለሁ» ብሎ ይገባል፤ ማስቆም የአንቺ ነው።

የዓመቱን አቆጣጠርም ቀድመሽ እወቂ፣ ግፊቱ ከየት እንደሚመጣ ያሳይሻል። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው ተራዝሞ ውሉ ጥር ላይ ከተፈረመ፣ ወሰን ማስከበሩ ደግሞ የመብራት ምሰሶና የውሃ መስመር እስኪነሳ ከዘገየ፣ ሥራው ዝናብ በሚጀምርበት ወር ላይ ይወድቃል። ያኔ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ «ይሠራል፣ ለጊዜው ፈርሚ» የሚባለው ሰኔ ላይ ነው። ላልተሠራ ሥራ ከፈረምሽ ተቋራጩ በጭቃ ውስጥ የሚሠራበት ምክንያት አይኖረውም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ያለው ስም ግን የአንቺ ነው። ከሚያዝያ ጀምረሽ ምን ያህሉ እስከ ሰኔ እንደሚደርስ በቁጥር አሳይተሽ ሪፖርት አድርጊ፤ የቀረው ለቀጣዩ ዓመት እንዲያዝ የሚያደርጉት ኃላፊዎች ናቸው፣ ጊዜ ካላቸው ያደርጉታል። ተገደሽ ወረቀቱ ሲመጣልሽ «በጋራ የተለካው ይህን ያህል ነው» ብለሽ የተለካውን ብቻ ጽፈሽ ፈርሚ። ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ላይ በፍጹም አትፈርሚ።

ብዙ ከተሞች ለተቆጣጣሪ መኪና የላቸውም፤ በተቋራጩ መኪና መሄድ ልማድ ሆኗል። መጀመሪያ ከቢሮሽ ጠይቂ። ሌላ ካልተገኘ ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በባጃጅም ቢሆን ሳትነግሪያቸው ሂጂ፤ በሰዓቱ የሚጠበቅ ተቆጣጣሪ የሚያየው የተዘጋጀለትን ነው። ምሳ፣ ካርድ፣ «የትራንስፖርት» የሚባል ገንዘብ አትቀበዪ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ያላግባብ ጥቅም መቀበልን በወንጀል ያስጠይቃል። ከሕጉም በፊት ግን ምሳውን የበላሽለትን ሰው ግንብ በዲጂኖ ማስነቀል ይከብድሻል።

ስለ ደመወዙ የጠየቅሽው እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ እናውቃለን። የእኛ አስተያየት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዓመት ቆዪ የሚል ነው። ግል ድርጅት የገቡት ጓደኞችሽ አንድ ሥራ በፍጥነት ይማራሉ፣ ይህም ጥሩ ነው። አንቺ ግን ከጨረታ ሰነድ ዝግጅት ጀምሮ ግምገማውን፣ ውሉን፣ ግንባታውን፣ ጊዜያዊ ርክክቡን፣ የዋስትና ጊዜውንና የመጨረሻ ርክክቡን በአንድ ወንበር ላይ ታያለሽ። በተለይ ክረምቱ እንዳያመልጥሽ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ቦቲና ጃንጥላ ይዘሽ ሥራሽን ዙሪው፤ ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚዘል፣ የት እንደሚተኛ ምልክት አድርጊ፣ ቪዲዮ ቅረጪ። ያየሽውን በዋስትና ጊዜው ውስጥ በደብዳቤ ካሳወቅሽ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል፤ ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ግን ከተማው ይከፍላል።

ለመማር የምታወጪውን ገንዘብ አሁን ለሶፍትዌር ኮርስ አታውዪው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋልና አነስተኛ ትራፊክ ላላቸው መንገዶች የወጣው ማኑዋል በነፃ ይገኛሉ። ሳይት ላይ ያለሽን ቱቦ ወስደሽ «ይህ ስፋት ከየት መጣ?» ብለሽ በማኑዋሉ ወደ ኋላ አስልተሽ ድረሺበት። ከዚያ ኃላፊሽ አንድ ሳምንት ላብራቶሪ እንዲልክሽ ጠይቂ። ሲቪል ስሪዲ የተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር በሁለተኛው ዓመት ይደርሳል።

በመጨረሻ ሰነዶችሽን ከዛሬ ጀምሪ። በስምሽ የተከታተልሽውን እያንዳንዱን ፕሮጀክት በአንድ ገጽ ያዢ፦ የውሉ ዋጋ፣ ርዝመቱ፣ የተሠራው ዓይነት፣ የጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የአንቺ ድርሻ። ለባለሙያ ምዝገባም ሆነ ለቀጣይ ሥራ የሚጠየቀው ይህ ነው። ስትለቂ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ የሥራ መደቡን ትክክለኛ ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ደመወዙን መያዙን እዚያው ቆመሽ አንብቢ፤ አንድ ቀን ወደ ግል ድርጅት ከሄድሽም ከዚያ የምትወስጂው ደብዳቤ የሥራ ግብር መከፈሉን ካልጠቀሰ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይቆጥሩልሽምና ሳይጻፍ አትቀበዪው።